የ1966 ፊልሞች፦ የወደድናቸውና ያስከፉን

ፊልም ወዳድ ሁሉ ዓመት ሲገባደድ ዝርዝር ማውጣት ይወዳል። የዓመቱ ምርጥ አምስት፣ የዓመቱ አሰልቺ ሦስት... እኛም ከዚህ በሽታ ነጻ አይደለንም። ዘንድሮ ግን በዘንድሮ ፊልሞች መጨቃጨቁ ሰለቸንና አንድ አሮጌ ዓመት መርጠን ልንጨቃጨቅበት ተስማማን። የመረጥነው 1966 ዓ.ምን ነው።

ለምን 1966? ምክንያቱ አጭር ነው። በአገራችን ፊልም የሚባለው ነገር ከመዝናኛነት አልፎ ዙፋን ሲነቀንቅ የታየው ያን ጊዜ ነው። ዓመቱ ሲብት ንጉሠ ነገሥቱ በቤተ መንግሥታቸው ነበሩ። ቀጣዩ ዓመት ሲብት በቮልስዋገን ተጭነው ወጡ። ከመውጣታቸው በፊት በነበረው ምሽት ደግሞ በቴሌቪዥን አንድ ፊልም ታየ። ስለዚያ ፊልም መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን፤ ምክንያቱም ክርክራችን ሁሉ የተጠናቀቀው እዚያ ላይ ነው።

ደንባችንን እናስቀምጥ። አንደኛ፣ ፊልሙ ከመስከረም 1966 እስከ መስከረም 1967 መግቢያ ባለው ጊዜ የወጣ፣ የታየ ወይም የተቀረጸ ይሁን። በዚያ ዘመን አንድ ፊልም ከአሜሪካ ወጥቶ እዚህ እስኪደርስ ወራት ይፈጅበት ስለነበር ጥቂት ቀደም ብሎ የወጣውንም አልከለከልንም። ሁለተኛ፣ ከኛ ጋር የሚያገናኘው አንድ ክር ይኑረው። ሦስተኛ፣ ፊልሞቹን የምንመዝናቸው መርካቶ ላይ ቆመን ነው።

ለምን ከመርካቶ?

ያን ጊዜ ፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ አምፒር ነበሯት፤ መሐል ከተማው አምባሳደር ነበረው። መርካቶ ደግሞ ሲኒማ ራስ ነበራት። በኋላ በደርግ ዘመን ወደ ቴአትር ቤትነት ተለውጦ ራስ ቴአትር የተባለው እሱ ነው። የፒያሳ ሰው ሱፉን ለብሶ ፊልም ሲገባ የመርካቶ ሰው ከሸክሙ፣ ከሱቁ፣ ከበርበሬው ተነሥቶ ይገባል። ስለዚህ ለፊልም የሚሰጠው ፍርድ ቀጥተኛ ነው። ካልጣመው ያፏጫል፤ ከጣመው ከአክተሩ ጋር አብሮ ይማታል።

በዚያ ላይ መርካቶ በ1966 ተመልካች ብቻ አልነበረችም። የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር የካቲት 11 ቀን የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙና ከመርካቶ ፒያሳ በእግር ሆነ። መምህራንም በዚያው ሰሞን አድማ መቱ። የካቲት 20 ገደማ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ወረደ። ሚያዝያ 12 ቀን ደግሞ ከታላቁ አንዋር መስጊድ የተነሣው የሙስሊሞች የእኩልነት ሰልፍ ከተማውን አጥለቀለቀ። መቶ ሺህ ያህል ሰው እንደወጣ ይነገራል፤ በሰልፉ ውስጥ ክርስቲያኖችም ነበሩበት። አንዋርና ራጉኤል ጎን ለጎን የቆሙበት ሰፈር ከዚህ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል? እናም ከመርካቶ ሆኖ የዚያን ዓመት ፊልም ማየት ማለት ከሲኒማ ቤቱ በር ውጭ ሌላ ትልቅ ፊልም እየታየ ማየት ማለት ነው።

የወደድናቸው

1. ያልታወቀው ረሃብ

አንደኛው ልብ ወለድ አይደለም፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ የቴሌቪዥን ዘገባ ነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ገብቶ ያየውን ይዞ ተመለሰና ጥቅምት 8 ቀን 1966 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አሳየው። በረሃቡ ያለቀው ሰው ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ከ40 ሺህ ጀምሮ እስከ 200 ሺህ የሚደርስ ግምት አለ። ከዘገባው በኋላ የዓለም ሕዝብ እጁን ዘረጋ፤ የንጉሡ መንግሥት ደግሞ አንገቱን ደፋ።

የወደድነው ስላለቀስንበት አይደለም። ካሜራው ሰው ፊት ቆሞ ስለሚጠብቅ ነው። አይቸኩልም። የሚያየውን ሰው ገና ሳትረዳው ወደ ሌላ አይዘልልም።

ነገር ግን በርዕሱ ላይ ተጣልተናል። «ያልታወቀው» ለማን ነው? ለለንደን ያልታወቀ ይሁን። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ግን ከዚያ በፊት፣ በ1965 ሚያዝያ፣ ወሎ ሄደው አይተው ፎቶግራፍ አምጥተው ግቢው ውስጥ አሳይተው ነበር። ተማሪው አይቶ ጮኋል። የሰማ ባለሥልጣን አልነበረም። ተመሳሳዩ ሥዕል በእንግሊዝኛ ሲነገር ነው ረሃብ የሆነው።

መርካቶስ አታውቅም ነበር? እህል በረንዳ ያለ ነጋዴ የአገሩን ዝናብ ከሬዲዮ ቀድሞ በጆንያ ቁጥር ያውቃል። በኋላ በ1998 እንደ ፈረንጆቹ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ህንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን፣ በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ የወሎን ረሃብ አንድ ምዕራፍ ሰጥቶታል። የሚለው ነገር ያስደነግጣል፦ በዚያ ዓመት በጠቅላላ አገሪቱ የነበረው የእህል መጠን ያን ያህል አላሽቆለቆለም፤ የጠፋው የወሎ ገበሬ የመግዛት አቅም ነው። እንዲያውም ወሎ እየተራበች ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የወጣ እህል ነበር ይላል። ይህን የሚቃወሙ ምሁራን አሉ። ቢሆንም አንድ ነገር ያሳስበናል። የካሜራው ዓይን ከወሎ መጠለያ ተነሥቶ የእህሉን መኪና ተከትሎ ቢመጣ ኖሮ፣ ከሚያልቅባቸው ቦታዎች አንዱ የኛው ሰፈር ይሆን ነበር። ዲምብልቢ ያን ፊልም አልሠራም። እስከ ዛሬም ማንም አልሠራውም።

2. ጉማ

አሁን ወደ ልብ ወለዱ። አማርኛ ፊልም ያን ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በ1957፣ የእላላ ኢብሳ «ሂሩት አባቷ ማነው?» በግሪካዊው ላምብሮስ ጆካሪስ አዘጋጅነት በጥቁርና ነጭ ወጥቶ ነበር። ከሱ ወዲህ ስሙ የሚነሣው ሚሼል ፓፓታኪስ የሠራው «ጉማ» ነው። እሱም ግሪካዊ ነው፤ ግን የኛው አገር ልጅ። ፊልሙ ስለ ደም መመላለስና ስለ ደም ካሳ ይናገራል።

«ጉማ»ን የወደድነው ጥያቄው አገር በቀል ስለሆነ ነው። ሰው ተገደለ። ታዲያ ምን ይሁን? ሌላ ሰው ይገደል ወይስ ካሳ ተከፍሎ እርቅ ይውረድ? ይህ ጥያቄ በ1966 የገጠር ባህል ጥያቄ ይመስል ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን የአዲስ አበባ ጥያቄ ሆነ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ደርግ 60 ያህል ባለሥልጣናትንና መኮንኖችን ያለ ፍርድ ሲረሽን፣ ጉማ የሚጠይቅ ሽማግሌ መሐል ከተማ ላይ አልተገኘም። ከዚያ በኋላ የመጣው ደም ለደም ሲጠራራ ዓመታት ፈጀ። አንድ ፊልም ይህን ተንብዮ ነበር አንልም። ግን በትክክለኛው ዓመት ትክክለኛውን ጥያቄ ይዞ ወጣ።

ዛሬ ስሙን የያዘ ሽልማት አለ፤ ከ2006 ዓ.ም ጀምሮ የሚሰጠው የጉማ የፊልም ሽልማት። ስሙን እናከብራለን። ፊልሙን ራሱን ግን ከኛ ትውልድ ያየው ስንት ነው? ከቪዲዮ ካሴት እስከ ሲዲ፣ ከሲዲ እስከ ፍላሽ መርካቶ ያልቀዳችው የዓለም ፊልም የለም። የራሳችንን አንጋፋ ፊልም ግን ከሽልማቱ ዋንጫ ላይ ነው የምናነበው።

3. ምርት ሦስት ሺህ ዓመት

ይህን ከውድድር ውጭ አስገብተነዋል። ፊልሙ ለተመልካች የደረሰው እንደ ፈረንጆቹ በ1976 ነው፤ የተቀረጸው ግን በ1974፣ አሮጌው ሥርዓት ወድቆ አዲሱ ገና እግሩን ባልተከለበት ጊዜ ነው። የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ ያን ጊዜ በአሜሪካ፣ በሎስ አንጀለስ የፊልም ተማሪ ነበር። ካሜራውን ይዞ መጣ፤ ባለ 16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ፣ ተዋናይ ባልሆኑ የገጠር ሰዎች፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ቀርጾ ሄደ።

ፊልሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። እውነቱን እንናገር፤ ሲኒማ ራስ ቢታይ ኖሮ በመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ ፉጨት ይነሣ ነበር። ገበሬ ሲያርስ ሳይቆረጥ ታያለህ። ሴት እንጨት ተሸክማ ከዚያ ማዶ እስከዚህ ስትደርስ ትጠብቃለህ። ግን ስትጠብቅ አንድ ነገር ይገባሃል። ድካሙን በቃል አይነግርህም፤ ጊዜህን ወስዶ ያስደክምሃል። ከዚያ መሬቱን የተነጠቀው፣ እብድ የሚሉት ከበበ ይመጣና የሚናገረው ሁሉ ከጤነኞቹ ይልቅ ጤነኛ ሆኖ ታገኘዋለህ።

እነማርቲን ስኮርሴዚ ፊልሙን አሳድሰውት በ2006 እ.ኤ.አ. ካን ላይ ድጋሚ ታይቷል። ረሃቡን ያየነው በዲምብልቢ ነው፤ ረሃቡ ከየት እንደሚመጣ ያየነው ግን እዚህ ነው።

4. ቦቢ

አሁን ትንሽ እንተንፍስ። የራጅ ካፑር «ቦቢ» ህንድ ላይ የወጣው መስከረም 18 ቀን 1966 ነው። ሀብታሙ ልጅ የዓሣ አጥማጅን ልጅ ይወዳል፤ አባቶች ይጣላሉ፤ ልጆቹ ይጠፋሉ፤ ዘፈን አለ፣ ልቅሶ አለ፣ ዘፈን አለ። የህንድ ፊልም ፍቅር በመርካቶ ልጅ ደም ውስጥ ነው ይባላል፤ እኛም የደረስንበት ከስንት ዓመት በኋላ በሰፈር ቪዲዮ ቤት፣ በተላላጠ ካሴት ነው።

ከወደድናቸው ውስጥ ያስገባነው ለናፍቆት ብቻ አይደለም። ትርጉም አልነበረውም፤ ሂንዲ የሚያውቅ አልነበረም፤ ግን ማን ማንን እንደናቀ፣ ለምን እንደናቀ ለማንም ግልጽ ነበር። ድሃና ሀብታም በአንድ ተራ ላይ ትከሻ ለትከሻ የሚጋፉበት ሰፈር ለዚህ ታሪክ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። በዚያው ዘመን የዓለምን ልጆች እግር ያስወነጨፈው ብሩስ ሊም እንዲሁ ነው፤ ዋናው ፊልሙ የወጣው በነሐሴ 1965፣ እሱ ከሞተ ከአንድ ወር በኋላ ነው። የመርካቶ ልጅ «አክተሩ አይሞትም» የሚል ሕግ አለው። ብሩስ ሊ ግን ፊልሙ ሳይወጣ ሞቶ ነበር፤ ሕጉ ግን አልተሻረም።

ያስከፉን

1. ሻፍት በአፍሪካ

ይህ የሰኔ 1965 ፊልም ነው፤ በደንባችን ጠርዝ ላይ ያለ። ሪቻርድ ራውንድትሪ የሚሠራው ጥቁሩ የኒውዮርክ መርማሪ ሻፍት ኢትዮጵያ ድረስ ይመጣል። ፊልሙ በከፊል የተቀረጸው እዚሁ ነው፤ የኛው ደበበ እሸቱም ይተውንበታል። ገና ስንጀምር ደስ አለን። አክተሩ ጥቁር፣ አገሩ ኢትዮጵያ! ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ከዚያ መከፋት ተጀመረ። ፊልሙ ውስጥ ያለችው ኢትዮጵያ በካርታ ላይ የለችም። የሌለ ጎሣ፣ የሌለ ወግ፣ ለጀብዱ የተሰፋ ባህል። አፍሪካን በአፍሪካዊ ዝርያ ያለው ጀግና ያየው ፊልም እንኳ የቀድሞዎቹን መነጽር አድርጎ ነው ያየው።

የሚያስቆጨው ደግሞ ታሪኩ ጥሩ መሆኑ ነው። ደላሎች የአፍሪካ ወጣቶችን «ፓሪስ ሥራ አለ» ብለው አታልለው ይወስዱና እንደ ዕቃ አጭቀው ይሸጧቸዋል፤ ሻፍት ከነሱ መሐል ገብቶ መንገዱን ይከተላል። ይህን ዛሬ ስናየው ፊልም አይመስለንም። በሰሐራና በሊቢያ የሚያልፈውን መንገድ፣ የሚደወለውን ስልክ፣ የሚጠየቀውን ገንዘብ የማያውቅ ቤተሰብ በየሰፈሩ ስንት ነው? ከሃምሳ ዓመት በፊት ቁም ነገሩን እጃቸው አስገብተው ነበር። በጡጫና በአልጋ ትዕይንት አባከኑት።

2. የፓዞሊኒ አንድ ሺህ አንድ ሌሊት

ጣሊያናዊው ፒየር ፓውሎ ፓዞሊኒ ይህን ፊልሙን ከየመን፣ ከኢራንና ከኔፓል ሌላ ኢትዮጵያ ውስጥም ቀርጿል። በ1974 ካን ላይ የዳኞችን ታላቅ ልዩ ሽልማት ወስዷል። በዚህ እኩል ለእኩል ተከፍለናል። ወዳጆቹ የሚሉት፣ ኤርትራዊ ደም ያላትን ኢነስ ፔሌግሪኒን ዋና ባለታሪክ አድርጎ፣ ባሪያ ሆና ጀምራ በወንድ ልብስ ንጉሥ እስክትሆን አሳይቶናል፤ በዚያ ዘመን ማን ደፍሮት ነበር? ነው። የተከፉት የሚሉት ደግሞ፣ ፊታችንን ወሰደ፣ ስማችንን ግን አልወሰደም፤ የኛ ሰው እዚያ ውስጥ ማንም ሊሆን የሚችል ቆንጆ ጥላ ነው፤ ነው። አባቶቻችን ጣሊያንን በሌላ መሣሪያ ካስወጡት 33 ዓመት ቢሆነው ነው። ድምፅ ሰጥተን በአንድ ድምፅ ብልጫ ካስከፉን ውስጥ ገባ።

3. የመስከረም 1 ምሽት ፊልም

እንግዲህ ወደ ዋናው። መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት፣ አዲስ ዓመት ነው፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የዲምብልቢን ፊልም አሳየ። ግን ያው ፊልም አልነበረም። ደርግ ቆርጦ ቀጥሎታል። የወሎ ሬሳ፣ ከዚያ የቤተ መንግሥት ግብዣ። የሚያቃስት ሕፃን፣ ከዚያ ሻምፓኝ። ባዶ እጅ፣ ከዚያ ሥጋ የሚጎርሱ የንጉሡ ውሾች። ንጉሠ ነገሥቱም እንዲያዩት ተነግሯቸው ነበር ይባላል። በማግሥቱ ጠዋት መኮንኖች መጥተው የሥልጣን መሻሪያውን አነበቡላቸው።

ይህ በኢትዮጵያ ታሪክ ከሁሉ የበለጠ ውጤት ያመጣ የፊልም ቅንብር ነው። ታዲያ ለምን ያስከፋናል?

ከመሐላችን ያሉት ተሟጋቾች በቀላሉ አልተረቱም። «ረሃቡ ውሸት ነው? ግብዣው ውሸት ነው? ሁለቱም እውነት ከሆኑ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ምን ነውር አለው? ደግሞስ ከስድስት ወር በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967፣ የገጠር መሬት አዋጅ መጥቶ የለም? ‹መሬት ላራሹ› ያለው ትውልድ ያን ምሽት ያየው ፊልም እውነቱን ነው» አሉ። ክርክሩ ጠንካራ ነው። ማንም ያን ረሃብ ደብቆ ሲጠየቅ ልናዝንለት አንችልም።

የኛ ቅሬታ ሌላ ነው። የዲምብልቢ ፊልም ተመልካቹን «ይህን ሰው ማን ይድረስለት?» ብሎ ይጠይቃል። የመስከረም 1 ፊልም «ማን ይውረድ?» ብሎ ጠየቀ፤ መልሱንም ራሱ ሰጠ። የመሬት ሥሪቱ፣ የጭሰኛው ዕዳ፣ ዝም ያለው አስተዳደር፣ ወሎ ሲራብ ወደ ከተማ የወጣው እህል ሁሉ ከአንድ ሽማግሌና ከውሾቻቸው ጀርባ ተደበቀ። ጥፋቱ የአንድ ሰው ከሆነ መፍትሔውም ያን ሰው ማንሣት ነው፤ ሌላው ሁሉ ከተጠያቂነት ያመልጣል። የወሎው ረሃብተኛም በመጀመሪያው ፊልም ሰው ነበር፤ በሁለተኛው ማስረጃ ሆነ። ቴሌቪዥን ባልደረሰበት አገር ያለው ያ ገበሬ በስሙ መንግሥት ሲለወጥ ፊልሙን እንኳ አላየም።

ማረጋገጫው የመጣው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። መስከረም 1977 ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ በከፍተኛ ድግስ ሲያከብር ወሎና ትግራይ እንደገና ይራቡ ነበር፤ ያሁኑ ደግሞ ከበፊቱ የባሰ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ማይክል በርክና ኬንያዊው ካሜራማን ሞሐመድ አሚን ከኮረም የቀረጹት ዘገባ በቢቢሲ ታየ። እንደገና ፈረንጅ ነገረን። እንደገና ዓለም አለቀሰ። ግብዣውንና ረሃቡን ጎን ለጎን ቆርጦ የሚቀጥል ሰው ግን በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ውስጥ አልተገኘም። ምስሉ ነበር፤ መቀሱም ነበር። በ1967 መቀሱን የያዙት ሰዎች አሁን ግብዣው ላይ ነበሩ።

ስለዚህ የመጨረሻ ፍርዳችን ይህ ነው። የ1966 ምርጡ ፊልም «ያልታወቀው ረሃብ»፣ የዓመቱ አስከፊ ፊልምም ያው ፊልም፣ ተቆርጦ የተቀጠለው። አንድ ምስል ሁለቱንም ቦታ መያዙ የሚያስተምረን አለ። ምስል እውነት መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ ከምን ጋር ተቀጠለ፣ ማን ቀጠለው፣ የቀጠለውስ ሰው በራሱ ላይ ይቀጥለዋል ወይ? ተብሎ ይጠየቃል። ዛሬ በየስልካችን የሚደርሰን የተቆራረጠ ቪዲዮ ከመስከረም 1 ምሽቱ የሚለየው በብዛቱ ብቻ ነው።

«ጉማ»ን ያላያችሁ አፈላልጋችሁ እዩ። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ስታዩ ቡናችሁን አፍልታችሁ ተቀመጡ፤ ረጅም ነው። «ቦቢ»ን ያለ ትርጉም እዩት፤ ይገባችኋል። የእህሉን መኪና ተከትሎ ከወሎ እስከ እህል በረንዳ የሚመጣውን ፊልም ደግሞ አንድ ቀን አንድ የመርካቶ ልጅ ይሠራዋል ብለን እንጠብቃለን።

ቸር እንሰንብት።